ጋሽ እሸቴ እና የጀማው ቁልቁለት

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የጋሽ እሸቴ ልጅ ደወለችልኝ። ስሟ ስልኬ ላይ ሲበራ አላነሳሁትም። እያስተማርኩ ነው ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። ደግማ ስትደውል ግን ተማሪዎቼን «አንዴ ጠብቁኝ» ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«እትዬ ሰናይት፣ አባዬ ዐረፈ» አለች። «ቀብሩ ነገ ነው፣ እዚሁ ቀየት። ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንባዬን እጠብቅ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣም። ይልቅ ትከሻዬ ላይ ተጭኖ የኖረ አንድ ነገር ቀለል ሲልልኝ ተሰማኝ። ያንን ቀን በዐይኑ ብቻ የሚያስታውሰኝ ሰው ከእንግዲህ የለም ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ነፍሴን ያተረፈ ሰው ሞተ ሲሉኝ የሚቀለኝ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?

ጋሽ እሸቴን ያወቅኋቸው ጀማ ሸለቆ ውስጥ፣ በመርሐቤቴ በኩል ባለ የኖራ ድንጋይ ካባ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ የተማርኩት የመኪና ጥገና ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ካባው ለከባድ መኪና ሾፌርነት የሚሠለጥኑ ሰዎች ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ወረድኩ። ከመንዝ ብርድ ለወረደ ሰው ጀማ እሳት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጋቢዬን አጣጥፌ ትራስ አድርጌው ከረምኩ።

ድንጋዩ የሚፈነቀለው ከላይ ከአፋፉ ነው፤ የሚፈጨው ደግሞ ታች፣ ወንዙ አጠገብ ባለው ክሬሸር። በሁለቱ መካከል ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ አለ። ድንጋዩን የሚያወርዱት ግዙፍ ገልባጮች ናቸው፤ ጎማቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ወደ ጋቢናቸው የሚወጣው በመሰላል ነው። እኛን እንዲያሠለጥኑ የተመደቡት ጋሽ እሸቴ ነበሩ።

የቀየት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ። ቁጡ ናቸው። ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም፤ ደስ ሲላቸው ቢበዛ «ይሁን» ይላሉ። የጃኬታቸው ኪስ ውስጥ የገብስ ቆሎና የቡሎን ዳዶ አብረው ይኖራሉ። ዝገው ከመኪና የወለቁ ዳዶዎችን ሲያገኙ «ነገ ይፈለጋል» እያሉ እዚያው ይከቷቸዋል። ቆሎውን ለሁሉም ያድላሉ። አንድ ቀን ባንዲራ ያዡ ደረጀ እፍኙን ሙሉ ወደ አፉ ሲወረውር ዳዶ ነክሶ ጥርሱ ሊወልቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼኛው አልበሰለም» አላቸው፣ ዳዶውን በመዳፉ ይዞ።

ደረጀ እንዲህ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ የሚወጡትንና የሚወርዱትን መኪኖች የሚያሳልፈው እሱ ነው። የግሼ ልጅ፣ ለእናቱ አንድ ወንድ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው ይሰለቻል፤ እሱ ግን ባንዲራውን እንደ መቋሚያ ይዞ ይዘምም ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀዩን ያውለበልብና ሰዉን ሁሉ አስደንግጦ ይስቃል።

የመጀመሪያው ትምህርታችን መኪና ውስጥ አልነበረም። ጋሽ እሸቴ ገልባጩ ፊት አሰለፉን። ሰው ስለጎደላቸው ደረጀንም ጠሩት።

«ጉልበት መንገደኛ ነው» አሉ። «ከሞተር ተነሥቶ ጎማ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ዛሬ በገዛ እግራችሁ ታዩታላችሁ። አንተ ሞተር ነህ፣ ዙር።»

የመጀመሪያው ልጅ ክንዱን ዘርግቶ በቦታው መዞር ጀመረ። ሁለት ልጆችን ደግሞ ፊት ለፊት አቆሟቸውና እንዳይነካኩ አዘዟቸው።

«ትንሽ መኪና ላይ በሞተርና ማርሽ በሚቀይረው ካምቢዮ መካከል የሚያያይዝና የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን አለ። እዚህ የለም። ዘይት ነው ያለው። ሁለት ማራገቢያ ዘይት ውስጥ ተፋጠው ተቀምጠዋል። አንዱ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ሌላውን ይገፋል። ይህን ሁሉ ክብደት ብረት ለብረት በአንድ ጊዜ ብታያይዘው አንዱ ይሰበራል። ዘይቱ መሐል ገብቶ ያለዝባቸዋል።»

ቀጥሎ ካምቢዮ የሆነውን ልጅ ትከሻውን ያዙት። «ይኼ ነጋዴ ነው። ፍጥነት ስትሰጠው ጉልበት ይሰጥሃል፤ ጉልበት ስትሰጠው ፍጥነት ይመልስልሃል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሰጥ ካምቢዮ ግን አልተሠራም፤ አትጠብቁ።»

ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ካርዳን እንለዋለን። ጫፍና ጫፉ ላይ እንደ ልብ እንዲተጣጠፍ መስቀል የሚመስል መገናኛ አለው፤ ስሙ ክሮቼራ ነው። አንዱን ረጅም ልጅ ካርዳን አደረጉት። ከኋላው ያለው ልጅ ዲፈረንሻል ሆነ። እኔና ደረጀ ግራና ቀኝ ጎማ ሆንን።

«አውድማ ላይ በሬ ስታበራዩ አላያችሁም? ከውጭ ያለው በሬ ይሮጣል፣ ከውስጥ ያለው እዚያው ይረግጣል። እኩል ካልሄዳችሁ ብትላቸው ይወድቃሉ። ዲፈረንሻል ማለት መታጠፊያ ላይ ለያንዳንዱ ጎማ በልኩ የሚያድል ዳኛ ነው። ዙሩ!»

ዞርን። እኔ መሐል ላይ ቀስ ብዬ ስዞር ደረጀ ከውጭ በኩል ሮጦ ሮጦ ላብ አጠመቀው። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ የውጭ በሬ እኔ ነኝ?» እያለ ይጮኻል። ጋሽ እሸቴ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ጎማው እምብርት ውስጥ በመሐለኛዋ ባለጥርስ መዘውር ዙሪያ የሚዞሩ ሌሎች ባለጥርስ መዘውሮች እንዳሉና ጉልበቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚበዛው እዚያው ደጃፍ ላይ መሆኑን ነግረው አሰናበቱን።

መንዳት ከጀመርን በኋላ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር የቁልቁለቱ ነው። የተጫነ ገልባጭ ይዤ ከአፋፉ ስወርድ አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን በግራና በቀኝ ያገላብጡ ነበር።

«ሽቅብ ሞተር ጎማን ይነዳል። ቁልቁል ግን ይገለበጣል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚነዳው። ክብደቱ ከኋላ እየገፋ በዲፈረንሻሉ፣ በካርዳኑ፣ በካምቢዮው አድርጎ ወደ ሞተሩ ይመጣል፤ ሞተሩም ይዞ ያስቀረዋል። ፍሬን ለመቆም ነው፤ ለመውረድ ሞተር ነው። ማርሽ አውጥተሽ ፎሌ አድርገሽ የወረድሽ ቀን ግን ማንም አይይዝሽም። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«ይሁን።»

በየጠዋቱ ገልባጩ ሥር ይተኛሉ። ክሮቼራውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል፣ ካርዳኑን ይዘው ይነቀንቁታል፣ የፈሰሰ ዘይት ካለ በጣታቸው ነክተው ያሸቱታል። ከዚያ ተነሥተው አማትበው ይወጣሉ። አደጋው የደረሰ ቀን ጠዋትም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ብረት ሲታመም አያቃስትም፤ የውስጡን ስንጥቅ በመዳፍ ማግኘት አይቻልም። ይህን የምለው ለእሳቸው ልሟገት ብዬ አይደለም፤ መርማሪዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው።

ምሳ ሰዓት ነበር፤ የተጫነውን ገልባጭ ከአፋፉ የሚያወርዱት ራሳቸው ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ፈረቃዬን ጨርሼ ክሬሸሩ አጠገብ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ዳሱ መንገዱ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ጫፍ ላይ ነው። ከዳሱ ከፍ ብሎ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ምናልባት ያመለጠ መኪና ቢኖር እንዲይዘው ተብሎ የተከመረ የአፈር ቁልል ነበር። ደረጀ የሚቆመው ቁልሉ ፊት ነው፤ ላይኛውንም ታችኛውንም መንገድ ማየት የሚቻለው ከዚያ ብቻ ነበርና።

ከላይ ጥሩንባ ሰማን፤ የማያቋርጥ። ደረጀ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና ቀዩን ባንዲራ ያውለበልብ ጀመር። እየጮኸም ነበር፤ በክሬሸሩ ጩኸት የተነሣ ግን አልሰማነውም። እጁን ወደ ወንዙ ይወረውራል፣ ይዘላል፣ ባንዲራውን ይነቀንቃል።

ሳቅን። ሁላችንም ሳቅን። «ደረጀ ደግሞ ጀመረው» አለ አንዱ። እኔም «ዛሬ ምን በልቶ ነው?» ያልኩ ይመስለኛል።

ገልባጩን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥታ ወደ ዳሱ እየወረደ ነበር፤ ተነሥቶ ለመሮጥ ጊዜ አልነበረም። ድንገት አፍንጫውን ወደ ጥግ አዞረና ቁልሉ ውስጥ ገባ። አቧራው ፀሐይቷን ሸፈናት። ደረጀ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ እንዳዞረ ከሥሩ ቀረ።

የሆነው በኋላ ተነገረን። የፊተኛው ክሮቼራ ተበጥሶ ካርዳኑ ወድቋል። የወደቀው ዘንግ እየተወራጨ የፍሬኑን ቱቦዎች በጥሷቸዋል። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ስለነበር የሚይዘው አጣ። ሞተሩ ከፊት እየጮኸ፣ ጎማዎቹ ከኋላ በራሳቸው እየከነፉ፣ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር ነው የወረዱት። ፖሊስ መረመረ፣ ባለሙያ መጣ፣ ጋሽ እሸቴ ጥፋት የለባቸውም ተባለ። መሥሪያ ቤቱም ነገሩን «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ዘጋው። እጃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ሲድንላቸው ግን ወደ መሪው አልተመለሱም።

ከወራት በኋላ ደወሉልኝ። «ግሼ ልሄድ ነው፣ ወደ ደረጀ እናት። ሽማግሌ ይዣለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉ። እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።

የጓሳን ደጋ በመኪና ተሻግረን፣ ከራቤል ከተማ ወዲያ በእግር ወረድን። የደረጀ እናት እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ጋሽ እሸቴ በአገሩ ወግ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። አብረውን የመጡት መምሬ መስቀላቸውን ይዘው «ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ ማሪው፤ ሆን ብሎ አይደለም» አሉ።

እትዬ አስካለ ትከሻቸው ላይ ያለውን ድንጋይ አዩት። ከዚያ «ምን ተሰብሮ ነው?» አሉ። «እስካሁን የነገረኝ የለም። ሁሉም አደጋ ነው፣ አደጋ ነው ይለኛል። እኔ ምን እንደተሰበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ እሸቴ ተንበርክከው እንዳሉ አስረዷቸው። ለእኛ ያስረዱትን ያህል ጊዜ ወስደው፣ ካምቢዮ ሳይሉ ካርዳን ሳይሉ፣ በሚገባቸው ቃል። ጉልበቱ ከየት ተነሥቶ በምን በምን እንደሚያልፍ፣ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን የሚይዘው ምን እንደሆነ፣ ያንን የሚያያይዘው ብረት እንዴት እንደተበጠሰ፣ ፍሬኑም እንዴት አብሮ እንደሄደ። እትዬ አስካለ አንድ ሁለት ጊዜ አቋርጠው ጠየቁ። በመጨረሻ መምሬ «እንግዲህ ሰማሽ፣ እህቴ። የሚይዝ ነገር አልነበረም» አሉ።

እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ሲነሡ ጋሽ እሸቴ ግን ድንጋዩን ከትከሻቸው አላወረዱም።

«መሪው ግን አልተሰበረም» አሉ።

«እሸቴ!» አሉ መምሬ።

«ይስሙት አባቴ። እትዬ አስካለ፣ ሞተሩ አልጠፋም፣ መሪው ይታዘዘኝ ነበር። ከፊቴ ሰው የሞላበት ዳስ አለ፤ ከጎኔ አፈሩ አለ፤ አፈሩ ፊት ደረጀ አለ። አይቼዋለሁ። ዘሎ ይወርድልኛል ብዬ ጥሩንባውን ያዝኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። አይቼው ነው ያዞርኩት።»

እትዬ አስካለ አላለቀሱም። «ዳሱ ውስጥ እነማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ እሸቴ አንገታቸውን ደፉ። ዞረውም አላዩኝም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«እኔ ነበርኩ፣ እትዬ።»

አጠገባቸው ጠርተው ፊቴን በእጃቸው ይዘው አዩት። «ልጄ ለምን ጀርባውን ሰጠው? ምን እያደረገ ነበር?»

«ባንዲራውን እያውለበለበ ሽሹ ይለን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሸሻችሁም?»

የሰዉ ሁሉ ዐይን እኔ ላይ ነበር። «የሚቀልድ መስሎን» አልኩ። «ሳቅንበት።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን ከፊቴ ላይ አነሡ። ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ። «ቀልደኛ ነበረ» አሉ ቀስ ብለው። «እውነት ነው፣ ቀልደኛ ነበረ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ዛሬ አልችልም። ሂዱ።»

በመልስ መንገዳችን ሽማግሌዎቹ ጋሽ እሸቴን ሲወቅሷቸው መጡ። ዕርቁን አበላሸኸው፣ ያልተጠየቅኸውን ተናገርክ አሏቸው። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ነበር። እሳቸው መሪውን ያዞሩት ለኛ ነው፤ ለእሳቸው የምትሆን አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣችም።

በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ጋሽ እሸቴ ሽማግሌ ሳይዙ ብቻቸውን ግሼ ሄዱ። ከጎረቤት በሬ ተውሰው የእትዬ አስካለን ማሳ አረሱ። እትዬ አስካለ አላነጋገሯቸውም፤ ግን አላባረሯቸውም። በአጨዳም ተመለሱ። ሲያጭዱ ውለው ጎረቤት ያድራሉ። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ራሳቸው በስልክ ነግረውኛል፤ ሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር አድርገው ነው የሚያወሩት።

አንድ ዓመት ድምፃቸው ተለውጦ ደወሉ። «ሰናይት፣ ዛሬ ማሳው ድረስ ምሳ ይዘው መጡ» አሉ። «አስቀምጠው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ተቀመጡ። አብረን በላን።» እኔም ደስ አለኝ ልላቸው ፈልጌ «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩ። መልሼ አልደወልኩም። ካባውን ትቼ መሐል ሜዳ ማስተማር ጀምሬ ነበር፤ ቀየት ሩቅ አይደለም። ታመዋል ሲሉኝም ነገ ነገ ስል ከረምኩ።

ቀብሩ ላይ ሕዝቡ ብዙ ነበር። እትዬ አስካለን ያየኋቸው ከፍትሐቱ በኋላ ነው፤ ከቤተሰቡ ሴቶች ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ልሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዐይናቸው አገኘኝ። በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጅ ወለድሽ?»

«ሁለት፣ ሴትና ወንድ።»

«ወንዱ ስሙ ማነው?»

ለዓመታት የፈራሁት ጥያቄ ይኼ ነበር። ልጄ ሲወለድ ደረጀ ልለው አስቤ ነበር። በየቀኑ እየጠራሁ መኖር አልችልም ብዬ ተውኩት። «ናሆም» አልኳቸው፣ አንገቴን ደፍቼ። «ደረጀ ልለው ነበር፣ እትዬ… አልቻልኩም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ደረጀ የኔ ነው።»

ከሰዓት በኋላ በመጣሁባት ፒካፕ እስከ ራቤል አደረስኳቸው። ጓሳ ላይ ንፋሱ ሳሩን እያስተኛው ነበር። ከመኪናው ላወርዳቸው ስል ድፍረት አገኘሁና «እትዬ፣ ዘንድሮ ገብሱን እኔ መጥቼ ላጭድልዎት» አልኳቸው።

ክንዴን ይዘው ወረዱና አስተዋሉኝ።

«አትምጪ» አሉ። «እሸቴን ሲያርስ ዝም ብዬ የተውኩት ገብሱ ቸግሮኝ እንዳይመስልሽ። የእህቶቼ ልጆች አሉ፣ ያርሱልኝ ነበር። ያ ሰው የሚሠራው ካጣ ይሞትብኛል ብዬ ነው። ልጄን አጥቼ እሱንም ልግደለው? አንቺ ግን የምታሳድጊው አለሽ። ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁል መንገዱን ያዙ። እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ተከትያቸው ልሮጥ ምንም አልቀረኝ፤ ግን ወደ መኪናዋ ተመለስኩ።

መሐል ሜዳ ስደርስ ልጆቼ ደጅ ላይ ይጫወቱ ነበር። ናሆም ጥቁር ቀሚሴን አየና መጣ።

«እማ፣ የት ሄደሽ ነበር?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

የጋሽ እሸቴ ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ከትናንት ጀምሮ ያልመጣው እንባ የመጣው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«የሁለት ሰው» አልኩት። «አንደኛው በጣም ቀልደኛ ነበረ።»